ውሃው የመጣው መቼ ነው? የሚያጥብም የሚያደርቅም የልብስ ማሽን ሲያፈስ

ቅዳሜ ማታ በራችን ተንኳኳ። ከእኛ ሥር ባለው ፎቅ የሚኖሩት እናት ናቸው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሳፋ በእጃቸው ይዘዋል። «ልጄ፣ ጣሪያዬ ያንጠባጥባል፤ ምን ከፍታችሁ ነው?» አሉኝ። ምንም አልከፈትንም ብዬ ልምል ስል የመታጠቢያ ቤቱን በር ገፋ አደረግኩ። የልብስ ማሽኑ እያደረቀ ነው። ወለሉ ላይ ግን ካልሲ የሚያረጥብ ውሃ ተኝቷል።

በማግስቱ የጠራሁት ጠጋኝ አምስት ደቂቃ እንኳ ሳያየው «ፓምፑ ነው» አለ። ፓምፑ ተቀየረ፣ ሒሳቡ ተከፈለ። በሳምንቱ ያው ውሃ፣ ያው ሳፋ። ለካ ማሽኑ የሚያፈሰው ሲያጥብ ሳይሆን ሲያደርቅ ብቻ ኖሯል። እሱ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም።

ከዚያ ወዲህ የጓደኞቼንም የዘመዶቼንም ማሽን ሳይ የምጀምረው በአንድ ጥያቄ ነው። «ከየት ነው የሚያፈሰው?» አልልም። ውሃ ተንኮለኛ ነው። ከላይ ፈስሶ በብረቱ ውስጠኛ ግድግዳ ወርዶ ፊት ለፊት ብቅ ይላል። «መቼ ነው የሚያፈሰው?» ግን አይዋሽም። ማሽኑ በእያንዳንዱ ሰዓት የሚጠቀመው ዕቃ የተለያየ ስለሆነ፣ ሰዓቱን ካወቃችሁ ጥፋተኛውን ግማሽ መንገድ ደርሳችሁበታል።

የማወራው ከፊት ስለሚከፈተው፣ በአንድ ከበሮ አጥቦ እዚያው ስለሚያደርቀው ማሽን ነው። ማድረቂያ የሌለው ካላችሁም ከማድረቂያው ክፍል በስተቀር ሌላው ሁሉ ይሠራላችኋል።

ከውሃው በፊት መብራቱ

ወለሉ ላይ ውሃ ካያችሁ ዘልላችሁ ሶኬቱን አትንቀሉ። መጀመሪያ ቆጣሪው ጋ ሄዳችሁ ብሬከሩን አውርዱ። ከዚያ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ከዚያ የውሃውን መዝጊያ ዝጉ። ቅደም ተከተሉ ይሄ ነው። ማድረቂያ ያለው ማሽን ሲሞቅ 2000 ዋት አካባቢ ይስባል። እንደዚህ ያለ ማሽን በማከፋፈያ ገመድ ተሰክቶ፣ ማከፋፈያው ደግሞ ወለሉ ላይ ተጋድሞ ያየሁበት ቤት ብዙ ነው። ውሃው እዚያ ማከፋፈያ ላይ ከደረሰ ጉዳዩ የልብስ መሆኑ ይቀራል። ማሽኑ ከግድግዳ ሶኬት፣ ያውም ከምድር ሽቦ ጋር መገናኘት አለበት።

በዘይት እንዳንሸራተት ወጥ ቤት እንጠነቀቃለን፤ የሳሙና ውሃ ደግሞ ይብሳል። ጠርጉት። ማሽኑ በሙቅ ውሃ ሲያጥብ ከነበረ ምንም ነገር ከመክፈታችሁ በፊት ይቀዝቅዝ። ከታች ያለው ፊልተር ሲከፈት 60 ዲግሪ የነበረ ውሃ እጅ ላይ ሊመጣ ይችላል።

ማሽኑ ንጹሕ ሊሆን ይችላል

ሦስት ነገሮች ማሽኑን በሐሰት ያስከስሱታል።

አንደኛው የወለል ፍሳሽ መውረጃው ነው። ማሽኑ ውሃውን በኃይል ነው የሚተፋው። መውረጃው በፀጉርና በሳሙና ጭቃ ከጠበበ መዋጥ አይችልም፤ ውሃው ወደ ላይ ይመለሳል። ለማወቅ ቀላል ነው። የማሽኑን መድፊያ ቱቦ ከመውረጃው አውጡና ትልቅ ባልዲ ውስጥ ክተቱት፣ በገመድም እሰሩት። የባልዲው አፍ ከወለሉ 60 ሳንቲሜትር ገደማ ከፍ እንዲል በርጩማ ላይ አስቀምጡት። ከዚያ «አስወጣ» የሚለውን ብቻ አሠሩ። ባልዲው እየሞላ ወለሉ ደረቅ ከሆነ ማሽኑን ይቅርታ ጠይቁና መውረጃውን አጽዱ። ማሽኑ አንድ ባልዲ ከሚችለው በላይ ሊያወጣ ስለሚችል፣ ሲሞላ ፕሮግራሙን አቁማችሁ ደፍታችሁ ቀጥሉ።

ሁለተኛው የግድግዳው ቧንቧ ራሱ ነው። መገጣጠሚያው ላይ ሶፍት ጠቅልሉበትና አሥር ደቂቃ ጠብቁ። ሶፍት የማያየው ጠብታ የለም።

ሦስተኛው ላብ ነው። ጠባብ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በሩን ዘግታችሁ ስታደርቁ እንፋሎቱ መስታወቱና ግድግዳው ላይ ጤዛ ይሠራል። ወለሉ ላይ ጠብ ጠብ ያለ ነገር ብታዩ አትደንግጡ። በሩን ወይም መስኮቱን ከፍታችሁ ድገሙት።

የሰዓት ምርመራው

አሁን ዋናው ሥራ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ጊዜ ስጡት። ስልክ ላይ ከማንቀላፋት ማሽኑ ፊት በርጩማ ላይ ቁጭ በሉ።

ማሽኑን ከግድግዳው ወደ ፊት አውጡት። ከባድ ነው። እንዳይነቃነቅ ውስጡ የኮንክሪት ሸክም ስላለው 60 እና 70 ኪሎ መመዘኑ የተለመደ ነው። ስለዚህ ሁለት ሆናችሁ ጎትቱት። ወለሉንና የማሽኑን ታችኛ ጠርዝ በደንብ አድርቁ። በአራቱም ጎን፣ ከተቻለም ከሥሩ፣ ጋዜጣ ወይም ሶፍት ዘርጉ። ከሁለት ፎጣ በላይ ልብስ አትክተቱ። ሳሙና አትጨምሩ። ሳሙና የሌለበት ሙከራ የአረፋን ጉዳይ ለብቻው ይለይላችኋል። አጭር ፕሮግራም ምረጡና ሲያበቃ ማድረቂያውን ለግማሽ ሰዓት አስከትሉ።

ከዚያ ሶፍቱን እያያችሁ ጻፉ። ስንት ደቂቃ ላይ፣ በየትኛው ጎን፣ ማሽኑ ምን እያደረገ ሳለ? መልሱ ከስድስቱ አንዱ ይሆናል። ውሃ ሲያስገባ፣ ሲያጥብ፣ ሲያስወጣ፣ ሲጨምቅ፣ ሲያደርቅ፣ ወይም ጭራሽ ጠፍቶ ሳለ።

ውሃ ሲያስገባ የሚያፈስ ከሆነ

የሚጠረጠሩት ከጀርባ ያለው ማስገቢያ ቱቦ፣ ቱቦው የሚገባበት ቫልቭና የሳሙና መሳቢያው ናቸው።

ቱቦው በሁለቱም ጫፍ ውስጡ ጎማ ቀለበት አለው። ውሃውን የሚይዘው እሱ እንጂ ጥርሱ አይደለም። ብዙ ሰው ቱቦው ሲያፈስ ጥርሱ ላይ ቴፍሎን ይጠቀልላል፤ ይህ ከንቱ ድካም ነው። ቀለበቱ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ቀይሩት፤ ዋጋው ከሻይ ብዙ አይበልጥም። የፕላስቲኩን ማጥበቂያ በእጅ አጥብቁ። በፒንሳ ግጥም ካደረጋችሁት ይሰነጠቃል። ቱቦው ላይ እብጠት ወይም ስንጥቅ ካለ፣ ወይም ከአምስት ዓመት በላይ ካገለገለ፣ ሳይፈነዳ ሸኙት። ማሽን አላቂ ዕቃ አለው፤ ቱቦ አንዱ ነው።

የሳሙና መሳቢያውን አውጡት። አብዛኞቹ ላይ መሐል ያለችውን ምላስ ተጭኖ መሳብ ነው። ከውስጡ እንደ ድንጋይ የደረቀ ሳሙና ካገኛችሁ አትገረሙ። መሳቢያው የሚገባበት ዋሻ ጣሪያ ላይ ውሃ የሚረጭባቸው ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ። እነሱ ሲደፈኑ ውሃው አቅጣጫውን ስቶ ወደ ፊት ይረጫል፤ በማሽኑ ፊት እየተንጠባጠበ ይወርዳል። ሙቅ ውሃና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል።

የውሃ ግፊትም አለ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሌሊት ላይ ሲለቀቅ በኃይል ነው። ፓምፕ የገጠመ ቤትም እንዲሁ። መሳቢያው ንጹሕ ሆኖ አሁንም የሚረጭ ከሆነ የግድግዳውን መዝጊያ በግማሽ ከፍታችሁ ሞክሩት። ቆመ? እንግዲያው በሽታው ግፊት ነው፤ መድኃኒቱም ያው ግማሽ መዝጊያ ነው።

ሲያጥብ የሚያፈስ ከሆነ

እዚህ ሁለት ትልልቅ ተጠርጣሪዎች አሉ፤ አረፋና የበሩ ጎማ።

ሳሙና ሳይገባ አላፈሰም፣ ሳሙና ሲገባ ግን አፈሰ? ነገሩ አበቃ፤ ጠጋኝ አትጥሩ። ለእጅ እጥበት የተሠራ ዱቄት ሳሙና አረፋው ብዙ እንዲሆን ተብሎ ነው የተሠራው። አረፋ ያላየ አጣቢ ታጠበ አይልማ! ማሽን ውስጥ ግን ያ አረፋ መሄጃ ያጣና በመሳቢያውና በማስተንፈሻው ቱቦ ይወጣል። የውሃውን መጠን የሚለካውንም ዕቃ ያሳስተዋል። ፓኬቱ ላይ ለአውቶማቲክ ማሽን መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ያለበትን ግዙ፤ እሱንም ቢሆን በልክ። አሁን አረፋው ሞልቶ ከሆነ ማሽኑን አቁሙ፣ ውሃውን አስወጡ፣ ግማሽ ሰዓት ተዉት፣ ከዚያ ያለ ሳሙና ሁለት ጊዜ ያለቅልቅ። በሦስተኛው መስታወቱ ላይ አረፋ ካልታየ ጸድቷል።

የበሩ ጎማ ደግሞ ሰፊ ጉዳይ ነው። ጣታችሁን እጥፋቱ ውስጥ አስገቡና ዙሪያውን ዳስሱ። ሳንቲም፣ የፀጉር መያዣ፣ የጡት መያዣ ሽቦ፣ ብዙ ጊዜም የነጠላ ዘርፍ ታገኛላችሁ። ዘርፉ በሩና ጎማው መሐል ተቆንጥጦ ሲቀር በክሩ ላይ ውሃ እየተሳበ ይወጣል። ይህን አይቼ እንጂ ሰምቼ ቢሆን አላምንም ነበር። ነጠላና ጋቢ ስታጥቡ በመረብ ከረጢት ክተቱት።

ቀጥሎ ቀደዳ ፈልጉ። እጥፋቱን በሁለት እጅ ገለጥ አድርጋችሁ በስልክ መብራት እዩት፤ በተለይ የታችኛውን ግማሽ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከታች በኩል ክብ፣ እኩል የሆኑ ትናንሽ ቀዳዳዎች ካያችሁ አትደንግጡ፤ የተጠራቀመውን ውሃ ወደ ውስጥ እንዲመልሱ ፋብሪካው የሠራቸው ናቸው። ጠርዙ የተቦጫጨቀ ከሆነ ግን ቀደዳ ነው። ቀዳዳዎቹ በጭቃና በፀጉር ተደፍነው ከሆነ በክብሪት እንጨት ክፈቷቸው። የበሩን መስታወትም አትርሱ። ጎማው የሚያርፍበት ክብ ላይ የሳሙና ቅባት ሲጋገር ጎማው አይጣበቅም። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።

ጎማው ከተቀደደ ሱፐር ግሉም ሲሊኮንም ለወሬ ነው፤ በሦስተኛው እጥበት ይነሣል። መቀየር ነው። በሩ ሲከፈት ጠርዙ ላይ ካለው ወረቀት የሞዴል ቁጥሩን በስልክ አንሡና ያንኑ ጎማ ግዙ። ማድረቂያ ላለው ማሽን የሚሠራው ጎማ ለማጠቢያ ብቻ ከሚሠራው ሊለይ ይችላል፤ አንዳንዱ የሞቀው አየር የሚገባበት አፍ አለው። «ይሄም ይሆናል» የሚል ሻጭ ሲገጥማችሁ ቁጥሩን አሳዩት።

ቅየራው እንዲህ ነው፤

1. ብሬከሩ ወርዶ፣ ሶኬቱ ተነቅሎ፣ ውሃው ተዘግቶ፣ የጎማውን አቀማመጥ ከየአቅጣጫው ፎቶ አንሡ።
2. የውጭውን የጎማ ከንፈር ገልበጥ ስታደርጉ የሚይዘው ቀለበት ሽቦ ይታያል። ስፕሪንጉን ፈልጉ፤ ጫፉን በጨርቅ በጠቀለላችሁት ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ወደ እናንተ ሳቡት። ይወጣል።
3. ጎማውን ከብረቱ ፊት አላቁና ወደ ከበሮው ውስጥ አጥፉት። አሁን ከውስጥ ያለው ሁለተኛው ቀለበት ይቀራል። የላይኛውን ክዳን ከጀርባው ብሎኖች ፈትታችሁ ስታነሡ በአንዳንድ ማሽን እጅ ይደርስበታል። በሌላው የፊቱ ብረት መውለቅ አለበት። እዚህ ላይ እጃችሁ ከከበደ ማቆም አያሳፍርም።
4. አዲሱ ጎማ ላይ ምልክት አለ፤ የከበሮው መያዣ ላይም አለ። ሁለቱ ይግጠሙ፤ የውሃ መመለሻ ቀዳዳዎቹ ከታች ይሁኑ። ከንፈሩን በትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ስትቀቡት ይንሸራተትላችኋል።
5. የውስጡን ቀለበት፣ ከዚያ የውጩን መልሱ። ከታች ጀምራችሁ ስፕሪንጉን መጨረሻ ላይ አስገቡ። ብቻችሁን አትሞክሩት፤ አንድ ሰው ይያዝላችሁ።

ጎማውን ለማጽዳት በረኪና ደጋግማችሁ አትጠቀሙ፤ ያደርቀዋል። በረኪናና ኮምጣጤን አንድ ላይ ማሽኑ ውስጥ መጨመር ደግሞ ፈጽሞ አይደረግም፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

አረፋውም ጎማውም ደህና ሆኖ ከሥር የሚያንጠባጥብ ከሆነ ውሃ የሚያሞቀውን ሬዚስታንስ ጠርጥሩ። ከበሮው መያዣ ሥር በጎማ ተወጥሮ የገባ ነው። ጎማው ሲደርቅ በዙሪያው ያልባል፤ በተለይ ውሃው ሲሞቅ።

ሲያስወጣ

መጀመሪያ ከታች በቀኝ ወይም በግራ ያለችውን ትንሽ በር ክፈቱ። ፊልተሩ እዚያ ነው። ዝርግ ሰሃን ከሥሩ አድርጉ። አጠገቡ ቀጭን ቱቦ ካለ መጀመሪያ ውሃውን በእሱ አውጡ። ከዚያ ፊልተሩን ቀስ እያላችሁ ፍቱ። ውስጡ የምታገኙት ነገር የቤታችሁን ታሪክ ይናገራል። የእኛው አራት ሳንቲም፣ አንድ የልጅ ካልሲና የጃኬት ዚፕ ነበር።

ፊልተሩን ከመመለሳችሁ በፊት ጎማ ቀለበቱን አጥባችሁ በቦታው መሆኑን እዩ። ብዙ ፍሳሽ የሚጀምረው ፊልተር ካጸዱ በኋላ ነው። ጥርሱ ተንጋዶ ገብቶ ወይም ቀለበቱ ላይ አንድ ክር ተጋድሞ ይቀራል። ፊልተሩ በቀላሉ መዞር አለበት። ከታገለ አውጡና እንደገና ጀምሩ።

ፊልተሩ ደረቅ ሆኖ ከጀርባ ከፈሰሰ መድፊያ ቱቦውን በሙሉ ርዝመቱ ዳስሱት። የመሬት ቤት ወይም መጋዘን የሚጎራበት ቤት ከሆነ አይጥ ትበሳዋለች፤ ቀዳዳዋ እንደ መርፌ ትንሽ ብትሆንም ሲገፋ ይረጫል። ሌላው የቱቦው ከፍታ ነው። የአብዛኛው ማሽን መመሪያ ከወለሉ ከ60 እስከ 100 ሳንቲሜትር ይላል። ወለል ላይ ከተጋደመ ውሃው እየገባ ሳለ በራሱ ስቦ ያፈሰዋል፤ ማሽኑ አይሞላም፣ ቆጣሪው ግን ይቆጥራል።

ከውስጥ ደግሞ ከበሮውን ከፓምፑ የሚያገናኝ ወፍራም የታጠፈ ጎማ አለ። ሁለቱም ጫፉ ላይ ፋሼታ፣ ማለትም ቱቦ የሚያጠብቅ ቀለበት፣ አለ። ፋሼታው ከላላ አጥብቁት፤ ጎማው ከተሰነጠቀ ቀይሩት። ፓምፑ ራሱ የሚያፈስ ከሆነ አካሉ ላይ የነጣ የሳሙና ዱካ ታያላችሁ። ያን ዱካ ሳታዩ ፓምፕ አትቀይሩ። የእኔ ፓምፕ ዱካ አልነበረውም።

ሲጨምቅ

እዚህ ሁለት ነገር ለዩ። ማሽኑ ይዘልላል ወይስ ያጉራራል?

የሚዘልል ከሆነ አዲስ እንደሆነ ጠይቁ። ከጀርባው ለጉዞ ብለው የሚያስሩት ብሎን አለ፤ ብዙ ጊዜ አራት ነው። ሳይፈታ ከተሠራ ማሽኑ ቤቱን ይዞ ይሄዳል፤ ቱቦዎቹንም ያላቅቃል። አዲስ ካልሆነ እግሮቹ በሚዛን መቆማቸውን እዩ። አንድ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ብቻውን መጭመቅም እንዲሁ ያዘልላል። ጋቢ ውሃ ሲጠጣ አንድ ጎን ላይ ይከመራል። ሌላ ልብስ ጨምሩበት።

የሚያጉራራ ከሆነ ጉዳዩ ከበድ ይላል። ከበሮውን ባዶውን በእጅ አሽከርክሩት፤ ከዚያ የላይኛውን ጠርዝ ይዛችሁ ወደ ላይና ወደ ታች ነቅንቁት። ከበሮው ለብቻው ከተንቀጫቀጨ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ አልቋል። ኩሽኔታው ያለቀው ከፊቱ ያለው ውሃ ከልካይ ጎማ («ሲል» ይሉታል) አሳልፎ ሰጥቶት ነው። የጀርባውን ክዳን ስትከፍቱ ከመሐሉ ወደ ታች የወረደ የዛገ ቡናማ መስመር ካለ አረጋግጣችኋል። ይህ የቤት ሥራ አይደለም። በአንዳንድ ማሽን የከበሮው መያዣ ተጣብቆ የተሠራ ስለሆነ ሙሉውን መቀየር ይጠይቃል። ያኔ የጥገናውን ዋጋ ከአዲስ ማሽን ጋር አስተያዩ።

ሲያደርቅ ብቻ

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ይኸውላችሁ። ይህ ዓይነት ማሽን ሲያደርቅም ውሃ ይጠቀማል። የሞቀው አየር ከልብሱ እርጥበቱን ይወስዳል። እንፋሎቱ ከበሮው ጀርባ ባለ የፕላስቲክ መተላለፊያ ያልፋል። እዚያ ቀጭን የቀዝቃዛ ውሃ ጅረት ይቀበለውና ወደ ውሃነት ይመልሰዋል። ሁለቱም አንድ ላይ በፓምፑ ይወጣሉ። አዳዲስ ሞዴሎች ውስጥ ያለ ውሃ በአየር የሚያቀዘቅዙ አሉ፤ ብዙው ግን አሁንም በውሃ ነው።

ስለዚህ እያደረቀ ሳለ ውሃ ከተቋረጠ ልብሱ ለሰዓታት ሞቆ እርጥብ ሆኖ ይወጣል። ማሽኑ ተበላሸ እንላለን። የተበላሸው ፈረቃው ነው።

ሲያደርቅ ብቻ የሚያፈስ ከሆነ የጀርባውን ክዳን ፍቱ፤ መብራቱ ተነቅሎ እንደሆነ አልደግመውም። ከውሃ ማስገቢያው ቫልቭ ከሚወጡት ቱቦዎች አንዱ ቀጭን ነው፤ ወደ መሳቢያው ሳይሆን ወደ ጀርባው መተላለፊያ ይሄዳል። ሙቀት አጠገብ ስለሚኖር ጫፉ ይደርቃልና ይሰነጠቃል። የእኔ ማሽን በሽታ ይሄ ነበር። የተሰነጠቀውን ሁለት ሳንቲሜትር በመቀስ ቆረጥኩት፣ የቀረውን መልሼ ሰካሁት፣ አዲስ ትንሽ ፋሼታ አጠበቅኩበት። ለዚህ ነው ፓምፕ የተቀየረው።

ቱቦው ደህና ከሆነ ብናኙን ፈልጉ። ፎጣ፣ ጋቢና ቡሉኮ ሲደርቁ ጥጥ ይረግፋል። ማድረቂያ ለብቻው የሆነ ማሽን ብናኝ የሚይዝ ወንፊት አለው፤ እነዚህ ጥምር ማሽኖች ግን ብዙዎቹ የላቸውም። ጥጡ ከእንፋሎቱ ጋር ሄዶ መተላለፊያው ታች እንደ ምንጣፍ ይነጠፋል። ውሃው መውረጃ ሲያጣ ወደ ላይ ይወጣና በአየር ማራገቢያው በኩል ይንጠባጠባል። ምልክቱ ውሃው ከማሽኑ ላይኛ ክፍል መምጣቱ፣ ልብሱም ለመድረቅ ከወትሮው መቆየቱ ነው። መተላለፊያው በብሎንና በፋሼታ ነው የተያዘው። አውልቁት፣ በቧንቧ ውሃ እጠቡት፣ ጎማውን ሳትረሱ መልሱት። የማሞቂያው ሳጥን ላይ ግን ውሃ አታፍስሱ።

ጠብታዎቹ ጥቂት ከሆኑና በየቦታው ከተበተኑ የሚያፈሰው ውሃ ሳይሆን እንፋሎት ነው። የአየር መተላለፊያው ጎማ ደርቆ እንፋሎቱ ወጥቶ ብረቱ ላይ ጤዛ ይሆናል። ጎማው ይቀየራል።

አንድ ነገር ልጨምር። 8 ኪሎ የሚያጥብ ማሽን ብዙ ጊዜ የሚያደርቀው 5 ኪሎ ያህል ነው። በሩ ላይ ሁለቱም ተጽፎ ይገኛል። አጥባችሁ ሳታወጡ ሁሉንም ካደረቃችሁት ልብሱ የአየሩን አፍ ይዘጋል። ግማሹን አውጥታችሁ ገመድ ላይ ስጡት። ፀሐይ ሞልቶን!

ጠፍቶም ከሆነ

ጠዋት ስትነሡ ከበሮው ውስጥ ውሃ አለ፤ ማሽኑን ደግሞ ትናንት አልነካችሁትም። ወይ መድፊያ ቱቦው ውሃ መልሷል፣ ወይ የማስገቢያው ቫልቭ አልዘጋም።

ለመለየት ሶኬቱን ንቀሉና የውሃውን መዝጊያ ክፈቱ። ሶኬቱ ተነቅሎም ውሃ ከገባ ቫልቩ ውስጥ አሸዋ ተሰክቷል። ሶኬቱ ሲነቀል ከቆመ፣ ሲሰካ ግን ከገባ፣ ቫልቩ ታዛዥ ነው፤ የሚያዝዘው ቦርድ ወይም የውሃውን ከፍታ የሚለካው ዕቃ ተሳስቷል።

አሸዋውን ማን አመጣው? ተቋርጦ የተለቀቀ ውሃና ለዓመታት ያልታጠበ ሮቶ። ቱቦውን ከማሽኑ ስትፈቱ ቫልቩ አፍ ላይ ትንሽ ወንፊት አለች። በፒንሳ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ሳቧት፣ እጠቧት፣ መልሷት። ወንፊቷን አውጥቶ መጣል የሚመክሩ አሉ፤ አትስሟቸው። ውሃ ከጠፋ በኋላ ሲመጣ መጀመሪያ የእጅ መታጠቢያውን ከፍታችሁ የደፈረሰው ይሂድ፤ ማሽኑ ከዚያ በኋላ። እጥበቱ ሲያልቅ መዝጊያውን የመዝጋት ልማድም ይኑራችሁ።

ማሽኑ የሚናገረው ኮድ

ብዙዎቹ ማሽኖች ሥራቸው ትሪ አለ። ውሃ ሲጠራቀምበት ተንሳፋፊ ነገር ይነሣና ማሽኑን ያቆመዋል። ምልክቱ ፓምፑ ያለማቋረጥ መጮኹ ነው። ቦሽ ላይ ኢ 23 ወይም ኤፍ 23 ይላል። ሳምሰንግ ላይ ኤል ሲ፣ በቆየው ላይ ኤል ኢ ይላል። ኤል ጂ ላይ ኤ ኢ ነው። ተጠንቀቁ፤ ኤል ጂ ላይ ኤል ኢ የሚለው የሞተር እንጂ የፍሳሽ ኮድ አይደለም። ከጎረቤት ማሽን ኮድ አትዋሱ።

ትሪውን ከታችኛው ክዳን በኩል በስፖንጅ አድርቁት፣ ወይም ሁለት ሆናችሁ ማሽኑን ትንሽ አዘንብሉት። ካደረቃችሁት ኮዱ ይጠፋል። ኮዱ ጠፋ ማለት ግን ፍሳሹ ጠፋ ማለት አይደለም፤ ትሪው እንደገና እስኪሞላ የተሰጣችሁ ጊዜ ነው።

መብራት እጥበት መሐል ሲጠፋም በሩ ተቆልፎ ውሃው ውስጥ ይቀራል። በሩን አትታገሉት። በፊልተሩ አጠገብ ባለው ቀጭን ቱቦ ውሃውን አውጡና መብራቱን ጠብቁ። አንዳንዱ ማሽን መብራት ሲመጣ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ስለዚህ ፊልተሩን ከፍታችሁ ወደ ገበያ አትሂዱ።

ጠጋኝ ስትጠሩ

«ሲል»፣ ኩሽኔታ፣ ቦርድና የፊት ብረቱ መውለቅ ያለበት ጎማ ለባለሙያ ይሰጥ። ስትደውሉ «ማሽኔ ያፈሳል» አትበሉ። የሞዴሉን ቁጥር፣ ሰዓቱን፣ ጎኑን ንገሩት፤ «ሳሙና ሳይገባ፣ ሲያደርቅ ብቻ፣ በአሥረኛው ደቂቃ፣ ከጀርባ በግራ» በሉት። ቪዲዮ ካላችሁ ላኩለት። ዕቃ ልቀይር ካለ የሚያፈሰውን ቦታ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ የተቀየረውንም አሮጌ ዕቃ ተቀበሉ።

ከሄደ በኋላ ወይም ራሳችሁ ከጠገናችሁ በኋላ ሶፍቱን እንደገና ዘርጉ። አንድ አጭር እጥበት፣ አንድ መጭመቅ፣ ግማሽ ሰዓት ማድረቅ። ሁሉም ካለፈ በመጨረሻ አዲስ ሶፍት ሥሩ አድርጋችሁ፣ ብሬከሩን አውርዳችሁ፣ የውሃውን መዝጊያ ለዚያች ሌሊት ብቻ ክፍት ተዉት። ጠዋት ሶፍቱ ደረቅ ከሆነ ማሽኑን ወደ ቦታው ግፉት። ከግድግዳው ግን አንድ ስንዝር ይራቅ፤ ከጀርባው የታጠፈ ቱቦ ነገ የምትጠርጉት ውሃ ነው። እኛ ቤት ያን ጠዋት ሶፍቱ ደርቆ ሳየው በቀጥታ ወደ ታች ወርጄ የእማማን በር አንኳኳሁ። ሳፋውን አሁንም ከጣሪያው ሥር አላነሡትም ነበር።